ሽማግሌዎቹን ኩየራ ያደረሰች መኪና

ከናዝሬት ኩየራ ለአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እኛ ረቡዕ ጠዋት ተነስተን ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረስን። ወደዚያ አገር ሄዶ የማያውቅ አንባቢ ይህን ሰምቶ መንገዱን እንዳያማ። መንገዱ ደህና አስፋልት ነው። ክፉዋ መኪናዋ ነበረች።

መኪናዋ የኔ ናት። የሰፈራችን ሰው “እሜቴ” ይላታል፤ እስክትነሳ ድረስ ሁሉም ቆሞ ስለሚጠብቃት ነው። ድሮ የአንድ እርሻ የመስክ መኪና ነበረች። እኔ ሳገኛት በሆዷ ውስጥ ሣር በቅሎ፣ ዶሮ እንቁላል ጥላባት ነበር። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ መካኒክነት ያስተማረኝ ሰው የለም። ግን ሁለት ክረምት ሙሉ ትምህርት ሲዘጋ ከሥሯ እየተኛሁ አስነሳኋት። አሻሻልኳትም። የጭነት መኪና ባሌስትራ ገጠምኩላት፤ ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር እንደ ፍየል ትዘላለች። የኋላ ወንበሮቿን ከተዘጋ ሲኒማ ቤት ገዛሁ፤ ሰው ብድግ ሲል በራሳቸው እጥፍ ይላሉ። ጡሩምባዋም የከባድ መኪና ነው። ፍሬኑን ብቻ ለሚመጣው ክረምት አቆይቼው ነበር።

እሷው ናት ከሌሊሴ ጋር ያስተዋወቀችኝ። ኮፈኑ ጣቴ ላይ ወድቆ ሐኪም ቤት ስሄድ ቁስሌን ያሰረችልኝ ነርስ ሌሊሴ ነበረች። ፋሻው በሳምንቱ ተፈታ፤ እኔ ግን እስከ ዓመቱ ድረስ አንድ ሰበብ እየፈለግሁ መመላለሴን አልተውኩም።

የሌሊሴ አባት አቶ ገመቹ ኩየራ በሚስዮን ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ሥራ ያስተምራሉ። ቤተሰቡ ሰንበቱ ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የዓለም ጉዳይ አይነሳም። ለእረፍት አገሯ የሄደችው ሌሊሴ ታዲያ በአንድ ዘመዷ በኩል እንዲህ ስትል ላከችብኝ፦ “እሁድ ጠዋት ከሻሸመኔ ሌላ ሽማግሌ ይመጣል። አባቴ ቃሉን ከሰጠ አይመልስም። የናንተ ሽማግሌዎች ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይድረሱ።” በዚያን ጊዜ በነዳጅ እጥረት ምክንያት እሁድ የግል መኪና እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ዓርብ ካልደረስን ሌሊሴን አጣኋት ማለት ነው።

ሦስት ሽማግሌ አገኘሁ። ጋሽ ሽፈራው የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ ንግግር የሚያውቁ፣ ንግግራቸውን ማቆም ግን የማያውቁ ሰው ናቸው። ሐጂ ኡስማን ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሦስተኛው ባሻ ተክሌ ጡረታ የወጡ ወታደር ሲሆኑ፣ የትም ቢቀመጡ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እኔ በአውቶቡስ ይሂዱ ብዬ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ተቆጡ። “ሽምግልና ከዶሮና ከከሰል ጋር ተጭኖ? መኪና ያለው ልጅ እያለን!”

ችግሩ ግን እሜቴን ከኔ በቀር የሚነዳት የለም። ሁለተኛ ማርሽ ለማስገባት መጀመሪያ ሦስተኛውን ማታለል ያስፈልጋል፤ ይህን ለሌላ ሰው ማስረዳት አይቻልም። ሙሽራው ደግሞ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ሐጂ መላ መቱ። “አባቷ አይተውት አያውቁም አይደል? ሾፌር ነው እንላለን።” ጋሽ ሽፈራው ወዲያው ታሪኬን ጻፉልኝ፦ ወንጂ ተወልጄ ያደግሁ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ተቀጣሪ ሾፌር ሆንኩ።

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ ብዕሩን አንስቶ “ጓድ መምህር፣ ሽምግልና ኋላ ቀር ልማድ አይደለም ወይ?” አለኝ። ጋሽ ሽፈራው ከኋላዬ ብቅ ብለው “ጓድ ሊቀመንበር፣ ላንተስ ሚስትህን የለመንኩልህ እኔ አይደለሁም እንዴ?” አሉት። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታው።

ረቡዕ

ጠዋት ናዝሬት በነፋሷና በአቧራዋ ሸኘችን። ጋሽ ሽፈራው ለዚህ ጉዳይ ያስቀመጡትን ቀይ ከረባት ከቤታቸው ጀምሮ አስረዋል። ሐጂ አንድ ከረጢት በሶ ይዘዋል። ባሻ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው የከተማው መውጫ ሳንደርስ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ሞጆን አልፈን ወደ ቆቃ ስንታጠፍ ራዲያተሩ እንባውን ማፍሰስ ጀመረ። ውሃ ብንጨምርለት በዚያው ይወጣል። ወረድንና ከበብነው። ሐጂ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን አይተው “ጎተራ ሲያፈስ በምን ይደፈናል?” አሉ። “በጭቃ” አልኳቸው። “ጭቃው ይኸውላችሁ” ብለው የበሶውን ከረጢት አቀበሉኝ።

ሁለት እፍኝ ብቻ ይበቃ ነበር። ጋሽ ሽፈራው “በቃህ አይባልም፣ ለራስህ ጉዳይ አትሰስት” እያሉ ግማሹን ከረጢት አስጨመሩኝ። እውነትም ቀዳዳው ተደፈነ። ደስ ብሎን መንገድ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ግን በሶው ፈላ። ክዳኑ በኃይል ተፈንጥሮ የፊት መስታወታችን ገንፎ በገንፎ ሆነ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ እየነዳሁ፣ መንገደኛው ሁሉ ሽታውን እያሸተተ እየዞረ፣ ወደ ማታ መቂ ገባን።

መቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጫንባት ከተማ ናት። እኛ ናዝሬት ሽንኩርት በኪሎ ነው የምናውቀው፤ እዚያ እንደ ኮረብታ ተቆልሎ ሰው ከላዩ ሆኖ ይጮሃል። ጫኞቹ የገንፎ መኪና ሲያዩ ሥራቸውን አቁመው ሳቁብን። ከነሱ መሃል አንዲት ወፍራም ሴትዮ “በጋ ነጋን ዱፍተን!” ብለው ተቀበሉን፤ በሰላም መጣችሁ ማለታቸው ነው። እማማ ዘሃራ ይባላሉ፣ ቤታቸውን ለመንገደኛ የሚያከራዩ ናቸው። የመጣንበትን ጉዳይ ሲሰሙ ኪራይ አልቀበልም አሉ። “ለሚስት ብሎ በዚህች መኪና የወጣ ሰው ይታዘንለታል” አሉኝ።

እራት በቲማቲም የተሠራ ነበር፣ ቁርሱም እንዲሁ። እኛ ቤት ቲማቲም ለመዓዛ ያህል ነው ወጥ የሚነካው፤ እዚያ ግን ወጡ እሱ ራሱ ነው። ባሻ ሁለት ጊዜ ጨምረው በሉ፣ ከዚያ እዚያው ማዕዱ ላይ ተኙ።

ሐሙስ

ልንነሳ ስንል ባሻ ሲጋራ ሊለኩሱ ክብሪት ጫሩ፤ ሐጂ ዘለው እጃቸውን ያዟቸው። ቤንዚን ይሸታል። ከሥሯ ብገባ የቤንዚን መያዣው ጠብ ጠብ ይላል። መበየጃ የለ፣ ቀኑም እየሄደ ነው። እማማ ዘሃራ ገብተው አንድ ሙሉ የልብስ ሳሙና አመጡልኝ። የዛሬ አንባቢ ይህን ቀላል ስጦታ እንዳይመስለው። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በተራ የሚታደልበት ዘመን ነው፤ ሰው ሳሙና ከሚሰጥህ በግ ቢሰጥህ ይቀለዋል። “እማማ፣ ልብስዎን በምን ሊያጥቡ ነው?” ስላቸው “አንተ ብቻ አግባ፣ እኔ እቆሽሻለሁ” አሉ። ሳሙናውን እያሸሁ ስንጥቁ ላይ ለጠፍኩት፤ አንዲት ጠብታ አልወረደም። ስንወጣ በጡሩምባው አመሰገንኳቸው፣ የጫኞቹ አህያ ደንግጣ ሸሸች።

በመቂና በዝዋይ መሃል አየሩ ይግላል። የናዝሬት ሙቀት ነፋስ አለው፤ የዚያ አገሩ ዝም ብሎ ይቀመጥብሃል። እዚህ ሙቀት ላይ ነው ቺንጋው የተበጠሰው፤ ያለ ቺንጋ ደግሞ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ አይዞርም። ዕቃ ሳጥኔን ገለበጥኩ፣ ለመለዋወጫ የሚሆን የለም። መንገዱ ላይ ተቀምጬ ዓርብን አሰብኩ። ሌሊሴ መስኮት ላይ ቆማ መንገድ ስታይ ታየችኝ።

ሐጂ ወደ ጋሽ ሽፈራው አንገት አፍጥጠው ማየት ጀመሩ። ጋሽ ሽፈራው ገባቸው። ሁለት እጃቸውን ከረባታቸው ላይ ጫኑ።

“አይሆንም! ይህ ከጣሊያን አገር የመጣ ነው!”

“ሞተሩም ከውጭ የመጣ ነው፤ ይግባባሉ” አሉ ሐጂ።

“ያለ ከረባት ሽምግልና ልገባ?”

“ያለ መኪና በእግርህ ከምትገባ ይሻላል።”

ከረባቱ ተፈታ። እንደ ገመድ ጠምዝዤ አሰርኩት። በዝግታ እየሄድን ወደ ማታ ዝዋይ ደረስን። እዚያ ዓሣውን ሲያራግፍ የነበረ አንድ ዓሣ አጥማጅ ኮፈኑን ከፍተን ስናይ መጥቶ አብሮን ጎንበስ አለ። ቀዩን ከረባት በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ የመረብ ክሩን አምጥቶ ከረባቱን ዙሪያውን እያጠላለፈ ጠቀለለው። “አሁን ሐይቁን ቢጎትት አይበጠስም” አለ። ሚስቱ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጠብሳ ከነአጥንቱ አቀረበችልን። ናዝሬት ውስጥ ዓሣ በጾም ሰሞን ነው የሚታወሰው፤ እዚያ ልጆቹ ከመናገራቸው በፊት አጥንት መለየት ይማራሉ። ጋሽ ሽፈራው አንድ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ቆሞባቸው ትንሽ ጸጥ አሉ፤ በጉዞው ሁሉ ያረፍነው ያኔ ነው። ባልና ሚስቱ መደባቸውን ለሽማግሌዎቹ ለቀው እነሱ ደጅ አደሩ። እኔ በሲኒማ ወንበር ላይ ተኛሁ፤ በተገላበጥኩ ቁጥር ወንበሩ ሊታጠፍብኝ ይሞክራል።

ዓርብ

አዳሚ ቱሉን አለፍን፣ ቡልቡላን አለፍን። ዛሬ ትደርሳለች ብዬ ማፏጨት ስጀምር ማርሿን ለመቀየር ጎተት አደረግሁ፤ ዘንጉ ከሥሩ ተቆርጦ እጄ ላይ ቀረ። ጋሽ ሽፈራው “ምንድን ነው የያዝከው?” አሉኝ። “ማርሹን” አልኩ። “ታዲያ መልሰው!”

ከወለሉ ላይ የቀረችው ጉቶ የጣት ያህል ናት። እጀታ ያስፈልጋል፤ ረዥም፣ ጠንካራ። ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ ባሻ ዞርን። ባሻ በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ናቸው፣ ከዘራው በጉልበታቸው መሃል ነው። ሐጂ እንደ ሌባ በጣታቸው ሳቡት፣ በምትኩ ክሪኩን አሳቀፏቸው። ከዘራውን ጉቶው ላይ አቁሜ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ ማርሽ የምቀይረው ቆልማማውን የከዘራ ጫፍ ይዤ ነው፤ ከብት የምነዳ ይመስል ነበር። ነገሌ ላይ ባሻ ነቅተው ፊት ለፊታቸው ከዘራቸው ወዲያና ወዲህ ሲል አዩ። ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱት፣ “ሕልም ነው” ብለው ተመልሰው ተኙ።

ከነገሌ ወደ ኩየራ አገሩ ይቀዘቅዛል፤ ለናዝሬት ሰው አየሩ ከምንጭ የመጣ ውሃ ይመስላል፣ ይጠጣል። ዛፉ በዛ፣ ሣሩ ለመለመ። እኔ ግን ያየሁት ፀሐይዋን ብቻ ነው። ወደ ምዕራብ ባዘነበለች ቁጥር እግሬ ቤንዚኑ ላይ ይከብዳል። የሚስዮኑ ግቢ ስንደርስ ከኮረብታው ጫፍ ክንድ ያህል ቀርቷት ነበር። ፍሬን ስለሌለኝ በአቶ ገመቹ አጥር ላይ ቀስ ብዬ ተደግፌ አቆምኩ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ ከእሜቴ ሥር ዘይት ሲንጠባጠብ ስላየሁ ተሸፋፍኜ ገባሁባት፤ ለመደበቅም ጥሩ ነው። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም እሰማለሁ። እንደ ልማዱ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም፤ ቆመዋል። ጋሽ ሽፈራው ጀመሩ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ልጁ ጭምት ነው፣ እስከ ሰባት ቤት ዘሩ የታወቀ ነው። አቶ ገመቹ አላቋረጧቸውም። እዚያ ላይ ቢያበቁ ጥሩ ነበር።

“እጁስ!” አሉ ጋሽ ሽፈራው። “ይህችን ደጅ የቆመችውን መኪና ከብረት ክምር ያስነሳት እሱ ነው። ከናዝሬት እዚህ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቆም አደረሰችን!”

ከዚያ የአቶ ገመቹ ድምፅ መጣ። “እንደ ደንቡማ ዘመድ ላማክር ብዬ ላሰናብታችሁ ነበር። ግን የሰው ጠባይ በሠራው ነገር ይታያል። መኪናዋን ልይና መልሴን እሰጣለሁ።”

ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰብስበው ወጡ። ኮፈኑን ከፈቱ። ቆየት ብለው እጥፍ አሉና ከጎኔ ከሥሯ ገቡ። ጢማቸው ሸብቷል፣ ዓይናቸው ፈጣን ነው።

“አካም ጅርታ፣ ሾፌር።”

“ደህና ነኝ ጌታዬ።”

“ሞተሩ ላይ ከረባት አለ።”

“አዎ ጌታዬ።”

“ራዲያተሩ ውስጥ ምን አለ?”

“በሶ።”

“ማርሹ ከዘራ ነው፤ እኔ ቤት የቆሙት አንደኛው ሽማግሌ ደግሞ ክሪክ ተደግፈዋል።” ጣታቸውን የቤንዚን መያዣው ላይ አሳርፈው አሸተቱ። “ሳሙና። ይህን ሁሉ ያደረገ የምን ሰነፍ ሰው ነው?”

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የሦስት ልጆች አባት፣ የወንጂ ሰው ነኝ፤ ምን አገባኝ? ግን ሁለት ክረምት በዓይኔ መጣ። “ሰነፍማ አይደለም!” አልኩ። “ሰነፍ ቢሆን በሶው ሲፈላ ይመለስ ነበር! ሰነፍ ቢሆን ቺንጋው ሲበጠስ እዚያው ይቀር ነበር! ይህች መኪና ሣር በቅሎባት ነበር ጌታዬ፣ ዶሮ...” አፌን ዘጋሁ፤ ረፍዷል።

አቶ ገመቹ ተንጋለው ባሉበት አንገታቸውን ወደኔ አዞሩ።

“ልጁ አንተ ነህ።”

ከመኪና ሥር ሆኖ መሸሽ አይቻልም። “አዎ” አልኩ።

ሳይቆጡ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። “እውነቱን ንገረኝ። በሶው ሲፈላ፣ ቺንጋው ሲበጠስ፣ ማርሹ ሲሰበር፣ ማን ላይ ጮህክ?”

አሰብኩ። “ማንም ላይ አልጮህኩም። ፀሐይ እንዳትጠልቅብኝ ስሮጥ ጊዜ አልነበረኝም።”

አቶ ገመቹ የመፍቻ ቁልፉን ከእጄ ወስደው የላላውን ቡሎን አጠበቁና መለሱልኝ። “ዕቃ ይሰበራል፤ ይጠገናል” አሉ። “ዕቃ በተሰበረ ቁጥር ቤተሰቡ ላይ የሚጮህ ሰው ግን መለዋወጫ የለውም። ልጄን ለማን እንደምሰጥ ሳስብ የምፈራው ይኸንኑ ብቻ ነው።” ከሥሯ ወጥተው እጃቸውን ጠርገው ገቡ። እኔ እንደተጋደምኩ ቀረሁ። ጸሎት ጀምሬ መጨረሻው ጠፋብኝ።

ከመስኮቱ ድምፃቸው ተሰማኝ። “አባቶቼ፣ ያን ጭምቱን፣ መኪናው ቆማ የማታውቀውን ልጅ አላምነውም። ለሱ ልጅ የለኝም።”

የሐጂ ትንፋሽ ሲወጣ ከውጭ ሰማሁት።

“ደጅ ላለው ሾፌር ከሆነ ግን ሰጥቻለሁ።”

የጋሽ ሽፈራው ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ። “ሾፌሩ! እንዴት ያለ ነገር ነው ጌታው! ሾፌሩማ የሦስት ልጆች አባት ነው! ወንጂ ውስጥ በስካሩ የታወቀ ነው! እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ከቦይ ውስጥ...”

“ሽፈራው!” ጮኹ ሐጂ። “ዝም በል! ሰጥተውናል! ሰጥተውናል እኮ!”

ከመጋረጃው ኋላ የአንዲት ሴት ሳቅ ፈነዳ። ያችን ሳቅ አውቃታለሁ፤ ጣቴን ስታስር እኔ ስጮህ የሳቀችው ሳቅ ናት። በተኛሁበት አፈር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬም ወረደ። ባሻ ከቆሙበት እንቅልፍ ነቅተው “ምን አሉ?” ሲሉ ተሰማኝ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ጠለቀች፤ አቶ ገመቹ በመስኮት ብቅ ብለው “ሾፌር፣ ቁልፉን አስቀምጥ፤ ሰንበት ገብቷል” አሉኝ። አስቀመጥኩት። ግን እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ ነው፤ ሙሽራ ደግሞ የአማቹ ቤት እንዲህ ሆኖ አይገባም። ስለዚህ ከእሜቴ ሥር አልወጣሁም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጭ ቀሚስ አፈሩ ላይ ተንበረከከ። ሌሊሴ የምግብ ሳህን ይዛ በሰንበት ልብሷ ግማሽ አካሏን አስገባች። እጄን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች።

“ምን ይላሉ ውስጥ?” አልኳት።

“አባቴ ሰንበቱን ረስቶ ስለ መኪናዋ ነው የሚያወራው። እሁድ ፍሬኑን አብረን እንሠራለን ይላል፤ ከማዕዱ ላይ ተነስቶ በእጁ ያሳያቸዋል። ከንግግሩ አንተ የለህበትም።”

“እኔንስ አልወደደኝም?”

ጉርሻውን አፌ ውስጥ ከተተችው። “አባቴ መኪናዋን ይውደዳት” አለች። “አንተን ለመውደድ እኔ እበቃለሁ።”